ቤቱን ከመሸጣችሁ በፊት ይሄን አንብቢው

ሰላም እህቴ። "እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ እየተመላለሰች በሽታዋ አልታወቀም፣ ያለን ብር አለቀ፣ ቤታችንን ሸጠን ህንድ እንውሰዳት ወይ" ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት፣ እግዜር ይማርልሽ። ሐኪም አይደለሁም። ግን ታላቅ ወንድሜ ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባል ብዙ ሰው የማይይዘው በሽታ አለበት፣ ስሙ እስኪታወቅ ዓመታት ፈጅቶበታል፣ እና እስካሁን ለመድኃኒት ካወጣነው ይልቅ ያንን ስም ፍለጋ ያወጣነው ይበልጣል።

ወንድሜ ከኮምቦልቻ አይሱዙ ይነዳ ነበር። ማታ ማታ መንገዱ ሁለት እየሆነ ይታየው ጀመር፣ አንዱ የዓይኑ ቆብ ይወርድበታል፣ ጠዋት ሲነሳ ደግሞ ደህና ነው። ይሄ በሽታ ጡንቻው የነርቭን ትእዛዝ የሚቀበልበትን ቦታ ነው የሚያጠቃው፣ ጡንቻው በሠራ ቁጥር ይደክማል ሲያርፍ ይመለሳል፣ ስለዚህ ጠዋት ተሰልፎ ሐኪም ጋ ሲገባ ምንም የለብህም ይባላል። መነጽር ተሠራለት፣ ተቀየረለት፣ ጭንቀት ነው ተባለ፣ ጨጓራ ተባለ፣ መዋጥ ሲያስቸግረው ደግሞ እንደተለመደው ታይፎይድ። እኛ አገር መቼም ታይፎይድ የሌለበት ሰው ያለ አይመስልም፣ ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ግን ድሮ ታይፎይድ የያዘውንም ሌላ ኢንፌክሽን ያለበትንም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ሲፕሮ የሚባለው አንቲባዮቲክ ታዘዘለት። ሲፕሮ ማያስቴኒያ ያለበትን ሰው ጡንቻ ይበልጥ ሊያደክም የሚችል መድኃኒት ነው፣ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2011 እ.ኤ.አ. በዚህ ዓይነት መድኃኒቶች ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ያደረገው ለዚህ ነው። አንገቱን ቀና ማድረግ አቃተውና ሆስፒታል ተኛ፣ ለመኝታውም እኛው ከፈልን።

ሰው ወጪ ሲያሰላ ካርድ፣ ላብራቶሪ፣ ኤምአርአይ ይላል፣ የባሰው ደረሰኝ የሌለው ነው። ሁለት ሁለት እያየ የሚነዳ ሹፌር የለም። ባለመኪናው ጥሩ ሰው ነበር፣ ጠበቀው፣ ግን አይሱዙ ቆሞ አይውልም ሌላ ሹፌር ያዘ። አዲስ አበባ ለምርመራ ሲመጣ አስታማሚ ያስፈልገዋል ሚስቱ ትመጣለች፣ ስለዚህ የሷም ጉሊት ይቀራል፣ የሁለት ሰው ትራንስፖርት የሁለት ሰው ቀለብ፣ ዘመድ ጋ ቢያርፉም ባዶ እጅ አይገባም፣ ቀጠሮው ለሳምንት ሲባል ደግሞ ሄዶ መምጣት ይሻላል ወይስ እዚሁ መቆየት እያሉ ማስላት ነው። በእቁብ የገዛት ባጃጅ ነበረችው፣ እሱ ከቆመ በኋላ ቤቱን የያዘችው እሷ ነበረች፣ ለኤምአርአይ ተሸጠች። የጭንቅላት ኤምአርአዩ ንጹህ ነው ተባለ (በዚህ በሽታ ንጹህ መሆኑ የሚጠበቅ ነው፣ ችግሩ እዛ አይደለማ)። ሌላ ቦታ ስንሄድ ያንን አናይም ብለው እንደገና አስነሱት። ልጆቹ ከግል ትምህርት ቤት ወጡ። ከዘመድ ብድር፣ ከዛ አራጣ። የጤና መድህን አባል ነበር ግን መድህኑ የሚሠራው ከጤና ጣቢያ ጀምረሽ በሪፈር ስትሄጂ ነው፣ መልስ ያጣ ሰው ደግሞ ሪፈር የሚጠብቅበት ትዕግስት የለውም ግል ክሊኒክ ነው የሚሮጠው።

በመጨረሻ አንድ የነርቭ ስፔሻሊስት አየው። ወደ ላይ እያየህ ቆይ አለው፣ ቆቡ ቀስ እያለ ወረደ፣ ከዛ ጓንት ውስጥ በረዶ አድርጎ ሁለት ደቂቃ ያህል ዓይኑ ላይ ያዘለት፣ ቆቡ ተነሳ። በረዶ! ባጃጇ ከተሸጠች በኋላ። ማረጋገጫው እርግጥ የደም ምርመራ ነበር፣ የኛ ናሙና ውጭ ተልኮ ነው ውጤቱ የመጣው፣ የደረት ሲቲ ስካንም ታዘዘ ምክንያቱም ከ100 ታማሚ ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት ደረታቸው ውስጥ ታይመስ የሚባል አካል ላይ ዕጢ ይገኝባቸዋል። እሱ የለበትም ተመስገን። አሁን ፓይሪዶስቲግሚንና ፕሬድኒሶሎን የሚባሉ መድኃኒቶች ይወስዳል። መድኃኒቱ አንዳንዴ ይጠፋል፣ ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ከተለቀቀ ወዲህም ከውጭ የሚገባ ነገር ዋጋ ታውቂዋለሽ፣ ግን በወር ስንት እንደሚያስፈልገው ስለሚያውቅ እየሠራ ያስቀምጣል። ትንሽ ሱቅ ላይ ነው ያለው፣ ወደ አይሱዙው አልተመለሰም።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ ቤቱን አሁን አትሽጡ። ህንድም ብትሄዱ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እስካሁን የተሠራውን ምርመራ ነው፣ ከባንክ ዶላር ለመጠየቅም ምን ወረቀት እንደሚፈለግ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ስለዚህ ያላችሁን ውጤት ሁሉ፣ ፊልሙንም ሲዲውንም፣ አንድ ፋይል ውስጥ አስገቢ፣ ድጋሚ ይነሳ ሲሉሽ የበፊቱ ምን ጎደለው ብለሽ ጠይቂ። ሲብስባቸው በስልክሽ ቪዲዮ ቅረጪ፣ ብር አያስወጣም፣ ሐኪሙ ጠዋት የማያየውን ያሳየዋል። መድህን ካላችሁ ሪፈሩን ከጤና ጣቢያ አስጀምሩ ቢያሰለችም። መሸጥ ግድ ከሆነ ገቢ የሚያመጣውን ነገር መጨረሻ አድርጉት። ጠበልም ቢሉ ጥሩ ነው፣ ወንድሜም ተጠምቋል፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ።

አንቺ የጻፍሽው "ይደክማታል" ብቻ ነው። የሚብስባቸው ጠዋት ነው ማታ? ሲያርፉ ይመለሳል? ዓይናቸውስ? ጻፊልኝ። መዋጥ ወይም መተንፈስ እያስቸገራቸው ከሆነ ግን የኔን መልስ ተይውና ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።