ሁለት ዙር ዞሮ የቆመው ዳዶ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ የሚኖሩ አንዲት አንባቢ ቶዮታ ቪትዝ አላቸው። አንድ ማለዳ ከፎቅ ሲወርዱ መኪናቸው በቀኝ በኩል ብሎኬት ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻቸው፤ ሁለት የአሉሚኒየም ቸርኬ ከነጎማው ተፈትቶ ተወስዷል። ምትኩን ገዝተው ካስገጠሙ በኋላ፣ ዳግም እንዳይደርስባቸው ለእያንዳንዱ ጎማ አንዳንድ ባለ ቁልፍ ዳዶ ገዙ፤ አብሮት በሚመጣ ልዩ ቁልፍ ብቻ የሚፈታ የጎማ ማጥበቂያ ማለት ነው። ጎማ ሠሪው ሊያስገባው ሲሞክር ሁለት ዙር ያህል ዞረና ደርቆ ቆመ። «በአየር መፍቻ ስመታው ይገባል» አላቸው። እርሳቸውም «ላስመታው ወይስ ልተወው?» ብለው ይጠይቃሉ።

እህቴ፣ አያስመቱት። ሁለት ዙር የገባውንም ቀስ ብለው በእጅ ያስወጡት። ከዚያ ከመኪናዎ የተፈታውን አሮጌ ዳዶ ያንሱና እዚያው ብሎን ላይ በጣትዎ ብቻ ያዙሩት። ያለ ችግር እስከ ጥግ ከሄደ ብሎንዎ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ከአዲሱ ዳዶ ነው ማለት ነው። እንደ ነገሩኝ ከሆነ ነገሩ ይህ ይመስለኛል፤ ተመሳሳይ ጉዳይ ይዘው እኔ ጋ የሚመጡ ሰዎች ጥቂት አይደሉምና።

የቪትዝ የጎማ ብሎን ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ደግሞ 1.5 ሚሊ ሜትር። ገበያ ላይ ከዚሁ ጎን ተደርድሮ የሚሸጥ ሌላ ዳዶ አለ፤ እርሱም 12 በ1.25 ነው፣ ለሱዙኪና ለኒሳን የሚሆነው። ሁለቱን እጅዎ ላይ ቢያስቀምጡ መንታ ናቸው፤ እኔም በዓይን ብቻ አልለያቸውም። የሩብ ሚሊ ሜትር ልዩነት በመጀመሪያው ዙር አይታወቅም። በሁለተኛው ዙር ግማሽ ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጥርስ ከጥርስ ላይ ይወጣና ይነክሳል። የእርስዎ ዳዶ የቆመው እዚያ ላይ ነው።

ጎማ ሠሪው በአየር ቢመታው ይገባል፤ በዚህ አልዋሸዎትም። የሚገባው ግን የብሎኑን ጥርስ እየላጨ ነው። እንዲህ የገባ ዳዶ ስፈታ ከውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ የተጠቀለለ የብረት ክር ተከትሎ ይወጣል። ያ ክር የብሎኑ ጥርስ ነበረ። ጥርሱ የተላጨ ብሎን የጠበቀ ይመስላል እንጂ አይዝም፤ ጉድጓድና ፍሬን ሲደጋገምበት ይላላል። ቪትዝ በአንድ ጎማ አራት ብሎን ብቻ ነው ያላት። ከአራት አንዱን ለሌባ ሲሉ ማጣት ውድ ንግድ ነው። ባለ ቁልፍም ሆነ ያለ ቁልፍ፣ ዳዶ መጀመሪያ ሥራው ጎማ መያዝ ነው።

ስለዚህ ዳዶዎቹን ወደ ሻጩ ይመልሱ። ሲሄዱ አንድ አሮጌ ዳዶ ይዘው ይሂዱ፤ «የቪትዝ ስጠኝ» ማለት አይበቃም። ማሸጊያው ላይ 12 በ1.5 የሚል ይፈልጉ። ማሸጊያው ከጠፋ ሻጩ ልኩ የታወቀ ብሎን ያውጣልዎትና እዚያው በጣት ያስሞክሩት። የልኩ የሆነው ዳዶ ቸርኬው ላይ እስኪቀመጥ ድረስ በጣት ብቻ መሄድ አለበት፤ ዙሩን ቢቆጥሩ ከስምንት ባያንስ ይመረጣል። ስምንት ዙር በ1.5 ሲባዛ 12 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ዳዶው የብሎኑን ውፍረት ያህል ነክሷል ማለት ነው።

ጥርሱ ቢገጥምም ሁለተኛ ወጥመድ አለ፤ መቀመጫው። አንድ ቸርኬ አውርደው የብሎን ቀዳዳዎቹን ከውጭ በኩል ይመልከቱ። ዳር ዳሩ እንደ ቡና ማጥለያ ወደ ውስጥ የሚጠብ ከሆነ አፉ ሾጠጥ ያለ ዳዶ ይፈልጋል። ጠርዙ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ክብ ከሆነ ክብ አፍ ያለው ነው፤ ሆንዳና ቮልስዋገን እንዲህ ናቸው። ሜዳ ሆኖ ዳዶው ከነጠፍጣፋ ቀለበቱ የሚያርፍበትም አለ፤ ከፋብሪካ የመጡ ብዙ የቶዮታ የአሉሚኒየም ቸርኬዎች እንዲህ ናቸው። ሾጣጣ ዳዶ ሜዳ ላይ ሲቀመጥ የሚነካው በቀጭን መስመር ብቻ ነው፤ ይላላል፣ አሉሚኒየሙንም ይበላዋል። የእርስዎ ጉዳይ እዚህ ላይ ትንሽ ይወሳሰባል። ሁለቱ ቸርኬዎች የቀድሞዎቹ፣ ሁለቱ በኋላ የተገዙ ናቸውና መቀመጫቸው አንድ ላይሆን ይችላል። አራቱንም ይዩ። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለችውን ትርፍ ጎማም አይርሱ፤ ጎማ ፈንድቶ እርሷን ሲያስገቡ ዳዶው እርሷም ላይ መቀመጥ አለበት።

አገጣጠሙ እንዲህ ይሁን። ጎማው ከመሬት ተነስቶ ሳለ ሦስቱን ተራ ዳዶዎች በጣት ያስገቡ፤ ባለ ቁልፉን በመጨረሻ። ክሪኩን ዝቅ አድርገው ጎማው መሬት ሲነካ ትይዩ ትይዩውን እያፈራረቁ ያጥብቁ። ጥርሱን ዘይትም ግራሶም አይቀቡት፤ የተቀባ ብሎን በዚያው ጉልበት ከሚገባው በላይ ይሳባል። የቶዮታ ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ኃይል የሚለካ መፍቻ ያለው ጋራዥ ካገኙ እሰየው፤ ካልሆነ ግን 40 ሳንቲ ሜትር እርዝመት ባለው እጀታ ጫፍ ላይ 26 ኪሎ ግራም ያህል መጫን ማለት ነው። በእግሩ እጀታው ላይ ቆሞ የሚያጠብቅ ጎማ ሠሪ ሲያዩ ያስቁሙት። ሰባ ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በዚያ እጀታ ላይ ሲቆም ከልኩ ሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው የሚያጠብቀው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ እንደገና ያስፈትሹ።

በአየር የሚመታው መፍቻ ባለ ቁልፍ ዳዶ አጠገብ እንዳይደርስ። የቁልፉ ጥርሶች ቀጭን ናቸው፤ አንድ ምት ሊሰብራቸው ይችላል። በአየር የተሰነጠቀ ቁልፍ ይዘው የመጡ ሰዎች ዳዶውን ለማስፈታት ሌላ ዳዶ አናቱ ላይ በብየዳ አስለጥፈዋል፤ ቸርኬው ከሙቀቱ የተረፈላቸው ጥቂቶች ናቸው። ሲያስፈቱም ባለ ቁልፉ መጀመሪያ ይፈታ፣ ቁልፉ እስከ ጥጉ ገብቶ፣ ቀጥ ብሎ፣ በእጅ። በክረምት አናቱ ላይ ያሉት ቦዮች በጭቃ ይሞላሉ፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሳይጠርጉ ቁልፉን አይጫኑት፤ ይንሸራተታል።

ቁልፉ መኪናው ውስጥ ይኑር። አንድ ደንበኛዬ ሌባ እንዳያገኘው ብሎ ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎበት ወደ ሐዋሳ ሄደ። ዝዋይ ሳይደርስ ጎማው ተነፈሰ። ትርፍ ጎማ አለው፣ ክሪክ አለው፣ መፍቻ አለው፤ አራተኛው ዳዶ ግን አልፈታ አለው። ወንድሙ ቁልፉን ከአዲስ አበባ እስኪያመጣለት ድረስ ግማሽ ቀን መንገድ ዳር ተቀመጠ። ግልጽ የሆነው የፊት መሳቢያ ውስጥ አያድርጉት፤ ትርፍ ጎማው ሥር በጨርቅ ጠቅልለው ያኑሩት። ከቁልፉ ጋር ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ካርድ ከመጣ ፎቶ ያንሱትና ካርዱን ቤት ያስቀምጡ። ያ ቁጥር ከሌለ ምትክ ቁልፍ ማስመጣት አስቸጋሪ ነው።

ሌባውን ያቆመዋል ወይ ለሚለው፣ ርካሹን ገዝተው ከሆነ ብዙም አያቆመውም። አናቱ ስድስት ጎን ሆኖ ትንሽ ጠበብ ያለ ብቻ ከሆነ፣ ጠባብ መፍቻ በመዶሻ ቀርቅሮ ያወጣዋል፤ እኔም ቁልፍ ለጠፋባቸው ደንበኞች የማወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ሻጩን «ዙሪያው ለብቻው የሚሽከረከር ቀለበት ያለው አለህ?» ብለው ይጠይቁት። በጣትዎ ሲይዙት ውጭው በባዶ ይሽከረከራል፣ ውስጡ አይነቃነቅም፤ መፍቻ ቢቀረቀርበትም ቀለበቱ ብቻ ነው የሚዞረው። እርሱንም የሚፈታ አለ፤ ነገር ግን ጊዜና ድምፅ ይጠይቀዋል፣ በሌሊት ደግሞ ሁለቱም አይመቹትም። ጥበቃ የሚያይበት፣ መብራት ያለበት ቦታ ካገኙ እዚያ ያቁሙ፤ አንዱን ጎን ከግንብ ጋር ማስጠጋትም ቢያንስ ሁለቱን ጎማ ያስቸግረዋል።

አንድ ነገር ሳልጠይቅዎ እንዳልቀር። መኪናዋ ብሎኬት ላይ ስትቀመጥ ክብደቷ ያረፈው በምኗ ላይ ነበር? በፍሬን ዲስኩ ላይ ከሆነ ዲስኩ ተጣሞ ሊሆን ይችላል፤ ፍሬን ሲይዙ መሪው ወይም ፔዳሉ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ያስለኩት። የቀኝ በኩሉን የፍሬን ቱቦና የበሩን ሥር ቆርቆሮም አብረው ያሳዩ። ሁለት ዙር የገባበትን ብሎን ደግሞ አሮጌው ዳዶ በጣት እስከ ጥግ ካልሄደበት አያሳድሩት፤ ከኋላ በኩል ተመትቶ ይወጣል፣ አዲስ ይገባል፣ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው።