ድምፄ እስካሁን መናኸሪያ ይለፈፋል፣ ክፍያው ግን አንዴ ነበር

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ሀዋሳ ታቦር ነው የምኖረው፣ አንድ ትንሽዬ ስቱዲዮ ውስጥ በመኪና እየዞረ የሚለፈፍ ማስታወቂያ አነባለሁ። ካቻምና የቀዳሁት የአንድ ሱቅ ማስታወቂያ እስከዛሬ መናኸሪያ አካባቢ ይጮሃል፣ የተከፈለኝ ግን ያኔ አንዴ ነው፣ ስጠይቅ "ወንድሜ ተጨራርሰናል እኮ" ተባልኩ። ሰሞኑን ደግሞ አክስቴ ቤት በዲሽ የፈረንሳይ ቻናል ስናይ የሆሊውዱ ተዋናይ ብሩስ ዊሊስ በሁለት የተለያየ ፊልም ላይ በአንድ ድምፅ ፈረንሳይኛ ያወራል። አንድ ሰው ነው እንዴ የሚሰራለት? በዚህ ስራስ መኖር ይቻላል?

መልስ፦ ወንድሜ ጆሮህ ልክ ነው። ሰውዬው ፓትሪክ ፑዋቬ ይባላል፣ ነፍሱን ይማርና እ.ኤ.አ. በ2020 በ72 አመቱ አረፈ፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ዊሊስን በፈረንሳይኛ ያናገረው እሱ ነው፣ ለብዙ ፈረንሳዊ የዊሊስ ድምፅ ማለት የሱ ድምፅ ነው።

መኖር ይቻላል ወይ ላልከው ሮዠ ካሬል የሚባለውን ፈረንሳዊ ላንሳልህ። አስቴሪክስ የሚባለውን የካርቱን ጀግና እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 2014 በድምፅ የተጫወተው እሱ ነው፣ 47 አመት በለው! የስታር ዋርስ ወርቃማ ሮቦትም፣ እንቁራሪቷ ከርሚትም፣ ዊኒ ድቡም በፈረንሳይኛ ሲያወሩ ድምፁ የሱ ነበር። ድምፁ ስላማረ ብቻ አይደለም እዚህ የደረሰው፣ ተዋናይ ስለነበረ ነው። እዛ ሀገር ደብ የሚያደርጉት፣ ማለትም የውጭ ፊልም በራሳቸው ቋንቋ የሚያናግሩት ሰዎች ተዋናዮች ናቸው፣ ብዙዎቹም ከቴአትር የመጡ።

አሰራራቸው በጣም ነው ደስ የሚለኝ። ከምስሉ ስር ባንድ ሪትሞ የሚሉት ጥብጣብ ከቀኝ ወደ ግራ ይሮጣል፣ ላዩ ላይ ንግግሩ ተፅፏል፣ ቃሉ አንዲት የቆመች መስመር ጋ ሲደርስ ትለዋለህ። ከዛ በፊት ግን ሌላ ባለሙያ ፊልሙን እያስቆመ ከንፈር የት እንደገጠመ፣ የት እንደተከፈተ፣ የት እንደተነፈሰ ሁሉ ምልክት አድርጎበታል። በኛ ቋንቋ በ፣ መ፣ ፐ ስትል ከንፈርህ ይገጥማል አይደል? አሁን እስክሪኑ ላይ ተዋናዩ "ፕሊዝ" ሲል ገና ሲጀምር ከንፈሩ ገጥሟል፣ አንተ "እባክህ" ብትለው አፉ ተዘግቶ አንተ በ"እ" ትጀምራለህ፣ "በናትህ" ካልክ ግን ልክ ቁጭ ይላል። ስልክህ ላይ አንድ ትዕይንት ድምፁን አጥፍተህ ሞክረው፣ ቁጭ ብለህ ሳይሆን ቆመህ፣ ሰውዬው ሲሮጥ አንተም እያለከለክ።

ወደ ብሩ ስንመጣ ያንተ ህመም የነሱም ነበር። ሲቀዱ በመስመር ነው የሚከፈላቸው፣ አንድ መስመር 50 ፊደል ነው፣ ግን ፊልሙ በቲቪ በተደጋገመ ቁጥርስ? እ.ኤ.አ. የ1985ቱ ህጋቸው የተዋናይ መብት ሰጥቷቸው እያለ ለድግግሞሹ አይከፈለንም ብለው በ1994 መጨረሻ ስራ አቆሙ፣ አድማው 1995 ገባ፣ ተጨቃጭቀው ነው ድርሻቸውን ያስከበሩት። በኛም ሀገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው) ለከዋኞች፣ ማለትም እንደ ተዋናይና ዘፋኝ ላሉ ሰዎች መብት ይሰጣል። ያንተ ማስታወቂያ እዛ ውስጥ ይገባል አይገባም የሚለውን አንድ ጠበቃ ያይልህ። ተጨራርሰናል ያሉህ ግን እኔን በጣም አናዶኛል፣ ሁለት አመት ሙሉ ገበያ የጠራላቸው ያንተ ድምፅ ነው!

ከዚህ በኋላ በቃል አትስማማ፣ ውሉ ላይ የት እንደሚለፈፍ፣ ለስንት ወር እንደሆነ፣ ሲራዘም ስንት እንደሚከፈልህ ይፃፍ። ድምፅህ ለኤአይ (ለሰው ሰራሽ አስተውሎት) እንዳይውልም አስፅፍ። የሆሊውዱ ተዋናይ የስታሎን የፈረንሳይኛ ድምፅ የነበረው አላን ዶርቫል በ2024 ሞቶ በአመቱ ድምፁ በኤአይ ተሰርቶ ለአዲስ ፊልም ማስተዋወቂያ ወጣ፣ ቤተሰቡ ለሙከራ ብቻ ነው የፈቀድነው ብሎ ተቆጣ፣ የሙያ ጓደኞቹም ጮሁ።

አሁን ሱቁ ጋ ሂድና ወይ አዲስ ውል እንፃፍ ወይ ማስታወቂያውን አውርዱት በላቸው፣ ብቻህን ከከበደህ የሚሰማ ሰው ይዘህ ሂድ፣ ያሉህንም ፃፍልን።