ልቤ አስቀድሞ ከወሰነ «ፈቃድህ ይሁን» ማለቴ ውሸት ነውን?

ጥያቄ፦ ለሥራ ወደ ዱባይ የመሄድ ዕድል አግኝቼ፣ እግዚአብሔር ፈቃዱን እንዲገልጥልኝ ሱባኤ ይዤ ጸለይሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ልቤ መሄዱን ቆርጧል፤ ፓስፖርትም አውጥቻለሁ። «ፈቃድህ ይሁን» ባልሁ ቁጥር የምዋሽ ይመስለኛል። እንዲህ ያለው ጸሎት ይሰማልን?

መልስ፦ እኅታችን፣ መሄድን መፈለግዎ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ጌታችን በጌቴሴማኒ ለእኛ አብነት ሲሆን «ቢቻልስ፥ ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ካለ በኋላ ነው «አንተ እንደምትወድ ይሁን እንጂ እኔ እንደምወድ አይሁን» ያለው። የነቢዩ ሳሙኤል እናት ሐናም በሴሎ ልጅ መፈለጓን አልሸሸገችም። ስለዚህ «ጌታ ሆይ፣ መሄድ እፈልጋለሁ» ብለው ምክንያቱን፣ ዕዳም ካለ ዕዳውን፣ በግልጽ ይንገሩት።

ሊያስፈራን የሚገባው ሌላ ነው። ኢየሩሳሌም በባቢሎናውያን እጅ ከወደቀች በኋላ ገዢው ጎዶልያስ ሲገደል፣ የተረፈው ሕዝብ ፈርቶ ወደ ኤርምያስ መጣና «መልካም ወይም ክፉ ቢሆን» የእግዚአብሔርን ቃል እንሰማለን ብሎ ቃል ገባ። ከ10 ቀን በኋላ የመጣው መልስ በአገራቸው እንዲቀመጡና ወደ ግብፅ እንዳይወርዱ የሚያዝዝ ነበር፤ እነርሱ ግን ነቢዩን «ሐሰት ተናግረሃል» ብለው፣ እርሱንም ጭምር ይዘው ወረዱ። ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 41ን ያነበበ ሰው እንደሚያስተውለው፣ ነቢዩን ሲጠይቁ ጓዛቸውን ይዘው በግብፅ መንገድ፣ በቤተ ልሔም አጠገብ ሰፍረው ነበር። የጠየቁት ምርቃት እንጂ ፈቃድ አልነበረም። ያጠፋቸውም መንገድ መጀመራቸው ሳይሆን፣ ተመለሱ ቢባሉ የማይመለሱ መሆናቸው ነው።

እርስዎም ራስዎን «ቅሪ ብባል እቀራለሁን?» ብለው ይመርምሩ። መልስዎ «አልቀርም» ከሆነ ጸሎቱን አይተዉት፤ ይልቁንም ከዳዊት ጋር «ልቤን ወደ ምስክርህ አዘንብል፥ ወደ ስስትም አይሁን» ይበሉ። ልባችን ሳይዘነበል እንደ ተዘነበለ አድርገን ከምንናገር ይህን መለመን እጅግ እውነተኛ ነው።

ከዚህም ጋር፣ ሱባኤ የማያስፈልገው ፈቃድ እንዳለ አይርሱ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች «ይህ የእግዚአብሔር ፈቃድ እርሱም መቀደሳችሁ ነውና» ብሎ ጽፏል። ጉዞው በሐሰተኛ ስም ወይም ዕድሜ የሚፈጸም ከሆነ፣ የሚያሳድጋቸው የሌላቸውን ልጆች ትቶ መሄድን የሚጠይቅ ከሆነ፣ ወይም በሕግ ያገቡትን ባል ያላማከሩበት ከሆነ መልሱ አስቀድሞ ተሰጥቷል። መጽሐፍ ቅዱስን በዘፈቀደ ገልጦ ዓይን ያረፈበትን ጥቅስ እንደ ፈቃድ መውሰድም፣ በአንድ ሌሊት ሕልም መወሰንም አይገባም። ብዙዎች በዚህ ሲጎዱ ማየት ያሳዝነናል።

መከልከልም አለመሰማት አይደለም። ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ መውጊያው አልተወሰደለትም፤ የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር።

አሁን ለደላላ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ወደ ንስሐ አባትዎ ይሂዱ። ብዙ ሰው የሚሄደው ቲኬት ከቆረጠ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ካህኑ ከመመረቅ በቀር የሚመክረው የለውም። «ሂጂ» ቢሉዎት የሚደሰቱበትን ብቻ ሳይሆን «ቅሪ» እንዲሉዎት ሊያደርጋቸው የሚችለውንም ሁሉ ይንገሯቸው።