ሐዲዱ ከተነሣ በኋላ

ጥያቄ፦ አገልግሎት ያቋረጠ ቅርንጫፍ የባቡር መስመር ለእግረኞችና ለብስክሌተኞች መዝናኛ መንገድ ሲደረግ፣ ሐዲዱን ነቅሎ መሬቱን መደልደል ብቻ አይበቃምን? ወደፊት ባቡሩ ቢፈለግስ ምን ይደረጋል?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ሐዲዱን መንቀል ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። የብረት መንኮራኩር በብረት ሐዲድ ላይ ቆንጥጦ የመያዝ አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ ባቡር ዳገት አይችልም፤ መሐንዲሶቹም ኮረብታውን እየቆረጡ፣ ረባዳውን በአፈር እየሞሉ መስመሩን አብዛኛውን ጊዜ በ100 ሜትር ርቀት ከ2 ወይም ከ3 ሜትር በላይ ከፍ እንዳይል አድርገው ሠርተውታል። አረጋዊም ሆነ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ዛሬ ሳይደክም የሚጓዘው በዚያ ድካም ነው።

ፈተናው ውሃ ነው። መስመሩ ሲዘጋ ቦይ የሚጠርገው ሠራተኛም አብሮ ይቀራል፤ በተቆረጠው ኮረብታ ግርጌ ያለው ቦይ በደለል ይሞላል፣ ውሃውን በመስመሩ ሥር የሚያሳልፈው ቱቦ አፉ በበሰበሰ ቅጠልና በቁጥቋጦ ሥር ይደፈናል፣ መውጫ ያጣው ጎርፍም መንገዱ ላይ ወጥቶ አዲሱን ደቃቅ ጠጠር ጠርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ በእኔ እምነት፣ ለአግዳሚ ወንበርና ለምልክት ከሚወጣው ገንዘብ በፊት የቱቦዎቹ ጥገና ይቅደም። (ከሐዲዱ ሥር የተነሡትን አሮጌ እንጨቶችም ለወንበር አይጠቀሙባቸው፤ ብዙዎቹ ክሪዮሶት በሚባል መርዛማ ዘይት የተነከሩ ስለሆኑ ፀሐይ ሲያገኛቸው ጥቁር ፈሳሽ ያወጣሉ።)

ዋሻ ካለ ደግሞ ትዕግሥት ያስፈልጋል። በእንግሊዝ የሞንሳል መንገድ የሚባለው የእግረኛና የብስክሌት መንገድ የተዘረጋበት የባቡር መስመር እ.ኤ.አ. በ1968 ቢዘጋም፣ ዋሻዎቹ ለደኅንነት ሲባል ተዘግተው ቆይተው ለመንገደኛ የተከፈቱት በ2011 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ተጓዡ ዙሪያ ጥምጥም ይሄድ ነበር።

ስለ ባቡሩ መመለስ፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሻሻለችው ሕግ መስመሩ ለጊዜው የእግር መንገድ ሆኖ ለወደፊት የባቡር አገልግሎት ተጠብቆ እንዲቆይ ፈቅዳለች። ባቡሩን ለዘለቄታው የሚያስቀረው መሬቱን ቆራርጦ መሸጥና ድልድዮቹን ማፍረስ እንጂ የእግረኛው መመላለስ አይደለም።