ድምፁ የማይሰማ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ኬዙን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) ራሳችሁ ሠርታችሁ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ዝምተኛ ኮምፒውተር ስለመገጣጠም ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ዋጋ የጠየቃችሁኝ አትቀየሙኝ፤ ዛሬ የምጽፈው ብር ነገ ስለማይሠራ ዘልዬዋለሁ።

ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ፣ ድምፅም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው የምቀዳው። የፋኑ ድምፅ ሁሌ ማይኩ ውስጥ ይገባብኛል። ወደ ውሃ ብቀይረው ዝም ይላል?

ውሃ ብቻውን ዝም አያሰኘውም። ውሃው ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ተቀብሎ ራዲያተሩ ጋ ያደርሳል። ከዚያ ወደ ክፍሉ የሚያወጣው ያው ፋን ነው። በዚያ ላይ ፓምፕ ጨመርክ፤ እሱም የራሱ ድምፅ አለው።

ታዲያ ምን ተረፈን ካልክ፣ ቦታ ነው። ፕሮሰሰር ላይ የሚቀመጥ ማቀዝቀዣ መጠኑ ውስን ነው። ራዲያተር ግን ኬዙ እስከቻለ ድረስ ታሰፋዋለህ። ሰፊ ራዲያተር ካለህ ፋኖቹ በዝግታ ቢዞሩም ይበቃል። ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው፦ የአንድ ፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ በ15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ተመሳሳይ ሁለተኛ ፋን ሲጨመር ደግሞ ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ስለዚህ በሙሉ ፍጥነት የሚጮኸውን አንዱን ፋን አንስተህ በግማሽ ፍጥነት የሚዞሩ ሁለት ብታስገባ፣ የሚነፍሰው አየር ያው ሆኖ ድምፁ በ12 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ጆሯችን 10 ዴሲቤል ሲቀንስ "ድምፁ ግማሽ ሆነ" ነው የሚለው። ዝምታውን የምትገዛው በስፋት ነው።

ራይዘን 7 7700ኤክስ እና አርቲኤክስ 4070 አለኝ። ምን ያህል ራዲያተር ያስፈልገኛል?

መጀመሪያ ዋቱን ደምር። ፕሮሰሰሩ ካርቶኑ ላይ 105 ዋት ቢልም ሲጨናነቅ እስከ 142 ዋት ይስባል። ግራፊክስ ካርዱ (አርቲኤክሱ) 200 ዋት ነው። ሁለቱ 342 ዋት። አሁን ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ግባና ፕሮሰሰሩን 65 ዋት ኢኮ ሞድ (ኃይል ቆጣቢ አሠራር) ላይ አድርገው፤ ጣሪያው ወደ 88 ዋት ይወርዳል። ጌም ላይ ልዩነቱን ልብ አትለውም። ድምሩ 288 ሆነ ማለት ነው። ምንም ሳትገዛ ከ50 ዋት በላይ ሙቀት ቀነስክ። ከዚህ የረከሰ ማቀዝቀዣ አላውቅም።

ብዙ ሰው ለእያንዳንዱ 100 ዋት ራዲያተሩ ላይ አንድ የ120 ሚሊሜትር ፋን ቦታ ይላል። እሱ ፋኑ ደህና አድርጎ ሲነፍስ ነው። ዝምታ ለሚፈልግ ሰው እኔ የማስበው 50 ዋት ለአንድ ነው። 288 ለ50 ሲካፈል ስድስት ቦታ ይጠጋል። እያንዳንዱ ሦስት ፋን የሚይዝ ሁለት ባለ 360 ራዲያተር አድርግና ፋኖቹን በደቂቃ 700 ዙር አካባቢ ተዋቸው።

ልብ በል፣ "360" የፋኖቹ ልክ ነው። ጫፍና ጫፍ ያሉት የውሃ ክፍሎች ሲጨመሩ ርዝመቱ 400 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ውፍረቱ 30 ቢሆን ፋኑ 25 ይጨምርበታል። ኬዝህን ከወረቀት ላይ ሥዕል አትጀምር። ራዲያተሩ እጅህ ይግባ፣ ለካው፣ ከዚያ እንጨት ትቆርጣለህ።

ፋኖቼ አንዴ ይጮኻሉ አንዴ ዝም ይላሉ። ብሮውዘር ስከፍት እንኳ ይነሳሉ። አብዶ ነው?

አላበደም፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት እየተከተለ ነው። የፕሮሰሰር ሙቀት በሰከንድ ውስጥ ዘሎ በሰከንድ ውስጥ ይወርዳል። የውሃው ሙቀት ግን እንዲህ አይቸኩልም። አንድ ሊትር ውሃ 288 ዋት ቢገባበትና ምንም ባይወጣለት እንኳ አንድ ዲግሪ ለመጨመር 14 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ውሃው ውስጥ የሚገባ የሙቀት ሴንሰር ግዢና ማዘርቦርድሽ ላይ የሴንሰር ቦታ ካለ ሰኪው። ፋኖቹ የውሃውን ሙቀት እንዲከተሉ አድርጊ። እኔ ትልቁ ለውጥ የምለው ይሄንን ነው። ጆሮን የሚያስቸግረው ደግሞ ከድምፁ ማነስና መብዛት ይልቅ መለዋወጡ ነው።

አዲስ አበባ ብርድ ስለሆነ ማቀዝቀዝ ይቀላል አይደል?

ግማሹ እውነት ነው። ክፍላችን ቀዝቃዛ ነው፣ ውሃ ደግሞ ከክፍሉ ሙቀት በታች ስለማይወርድ ያ ይጠቅመናል። ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ያው ፋን በያው ፍጥነት ቢዞርም ሙቀት የሚሸከመው አየር ያንሳል። ዩቲዩብ ላይ ያያችሁት ልኬት ከባሕር ወለል ብዙም ከማይርቅ ከተማ ከሆነ ትንሽ ቀንሳችሁ ተቀበሉት። በስሌቴ 50 ዋት ያልኩት አንዱም ለዚህ ነው። ድሬዳዋ ያላችሁ በአየሩ ትጠቀማላችሁ፣ በሙቀቱ ትጎዳላችሁ።

የመኪና ራዲያተር ብጠቀምስ? መርካቶ ሞልቷል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ይሄ ነገር ሲጀመር በውጭ አገር ያሉ ልጆች የመኪና ማሞቂያ ራዲያተርና የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ነበር የሚጠቀሙት። አሁን ያለው ችግር አብዛኛው የመኪና ራዲያተር አልሙኒየም መሆኑ ነው። ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀመጠው ብሎክ ደግሞ መዳብ ነው። ሁለቱ በአንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ አልሙኒየሙ ቀስ በቀስ ይበላል። የተበላውም ዝቃጭ ብሎኩ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን መስመሮች ይደፍናቸዋል። መዳብና ናስ የሆነ አሮጌ ራዲያተር ካገኘህ ይቻላል፤ ግን ውስጡን እስክታጥበው ወገብህ ይቆረጣል። ለኮምፒውተር የተሠራውን ግዛ።

ምን ውሃ ልጨምር? ሃይላንድ ይሆናል?

የቧንቧም የታሸገም አይሆንም፤ ሁለቱም ማዕድን አላቸው። ዲስትልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ነው። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን ስትገዙ ግን አደራ፣ ጎን ለጎን የሚቀመጠው አሲድ ነው። ጽሑፉን አንብቡ፣ ሻጩንም ጠይቁ። ዲስትልድ ብቻውን ከርሞ አልጌ ያበቅላል፤ ስለዚህ ለዚሁ የሚሠራ መድኃኒት ጠብ አድርጉበት ወይም የተዘጋጀውን ፈሳሽ ግዙ። በተዘጋጁት ውስጥ ኤቲሊን ግላይኮል ያለባቸው አሉ። መርዝ ነው፣ ጣዕሙ ደግሞ ጣፋጭ ነው። ቤት ውስጥ ሕፃን ወይም ድመት ካለ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ውሃው ለሚያልፍበት ጎማ ኢፒዲኤም የሚባለውን ጥቁሩን እመርጣለሁ። አያምርም። ግልጽ የሆነው ጎማ ግን ከጊዜ በኋላ ይደበዝዛል፣ ከውስጡ የሚወጣውም ማለስለሻ ብሎኩን ይደፍናል።

ኬዙን በኮምፔንሳቶ ልሥራው ወይስ በላሜራ?

ይሄ የምወደው ጥያቄ ነው። ላሜራ ስስ ከሆነ ይንቀጠቀጣል፣ መበየድም ይጠይቃል። ኤምዲኤፍ ከባድና ዝምተኛ ነው፣ ግን ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ እኛ ደግሞ ውስጡ ውሃ ልናስገባ ነው። ስለዚህ ኮምፔንሳቶ፣ ከ12 እስከ 15 ሚሊሜትር፣ ውስጡም ውጪውም ቫርኒሽ የተቀባ።

ማዘርቦርዱን ግን በቀጥታ እንጨት ላይ አታስሩት። አሮጌ የቢሮ ኬዝ ፈልጉና የማዘርቦርዱን የብረት ትሪ ቆርጣችሁ አውጡ። ቀዳዳዎቹ በልካቸው ተበስተው ይመጣሉ፤ ሚሊሜትር ከመቁጠር ትገላገላላችሁ። ፓወር ሰፕላዩም የመሬት ሽቦ (ኧርዝ) ያለው ሶኬት ላይ ይሰካ። እንጨት ነው ብላችሁ አትዘናጉ።

አሁን ፓምፑ። ዲ5 ከሚባለው ፓምፕ በእጅ የሚስተካከለው ዓይነት አምስት ፍጥነት አለው፤ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ላይ ተዉት። በደቂቃ አራት ሊትር ቢያዞር እንኳ 288 ዋት የውሃውን ሙቀት ከመግቢያ እስከ መውጫ አንድ ዲግሪ ያህል ነው የሚለውጠው፤ ማፍጠኑ ብዙ ትርፍ የለውም። ፓምፑን በቪቴ ጎን ሳንቃው ላይ ካጠበቃችሁት ግን ሳንቃው እንደ ማሲንቆ ቆዳ ድምፁን አጉልቶ ያወጣዋል። ወፍራም ስፖንጅ ወይም ለስላሳ ጎማ ከሥሩ አድርጉ፤ ከእንጨቱ ጋር የሚያያይዘው ጠንካራ ነገር አይኑር። ከፓምፑ የሚወጣው ጎማም ትንሽ ይላላ፣ ይጠማዘዝ፤ ድርቅ ብሎ ከተወጠረ ንዝረቱን ይዞ ይሄዳል።

ሌላው፣ ፊቱን አትድፈኑት። ቆንጆ ሳንቃ ራዲያተሩ ላይ ለጥፎ ፋኑ አየር ሲያጣ ያየሁት ብዙ ነው። በሳንቃውና በራዲያተሩ መካከል ቢያንስ ሦስት ሴንቲሜትር፣ በዙሪያውም የአየር መግቢያ ይኑር። መግቢያው ላይ በቀላሉ የሚወጣ ወንፊት አድርጉ። የበጋውን አቧራ ታውቁታላችሁ።

ውስጡን በስፖንጅ ብሸፍነው ድምፁን አይውጠውም?

ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ። ወፍራሙን ጉምጉምታ አይነካውም። ፋኑን ማዘግየት ይሻላል።

ውሃውን ካስገባሁ በኋላ ቢያፈስስ? እንቅልፍ ነሣኝ።

ፍርሃትህ ልክ ነው። አፕል እንኳ እንደ ፈረንጆቹ በ2004 በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ፓወር ማክ ጂ5 አውጥቶ ነበር፣ ከዓመታት በኋላ ያፈሰሱም አሉ። ስለዚህ ሳትፈትን መብራት አትስጠው።

አፈታተኑ እንዲህ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ማብሪያው ጠፍቶ እያለ ከፓምፑ በቀር ሁሉንም ገመድ ንቀል። ባለ 24 እግሩን ትልቁን ሶኬት ያዝና አረንጓዴው ሽቦ ያለበትን ቀዳዳ ከጎኑ ካለው ጥቁር ጋር በክሊፕ ሽቦ አገናኝ። ገመዶችህ ሁሉ ጥቁር ከሆኑ አትገምት፤ ለዚሁ የተሠራ ትንሽ መሰኪያ አለ። በእያንዳንዱ ፊቲንግ (የጎማው መገጣጠሚያ) ሥር ነጭ ሶፍት አጣጥፈህ አስቀምጥ። ትንሿን የውሃ ታንከር ሙላ፣ ፓምፑን ለጥቂት ሰከንድ አብራ፣ ታንከሯ ሳትጎድል አጥፋ፣ እንደገና ሙላ። ፓምፕ ያለ ውሃ ከዞረ ይበላሻል፤ ታንከሯ ሁሌ ከፓምፑ ከፍ ትበል የሚባለውም ለዚህ ነው። ሲሞላ ኬዙን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ዘንበል አድርገው፤ ራዲያተሩ ውስጥ የተደበቀው አረፋ እየተንጎራጎረ ይወጣል። ከዚያ 24 ሰዓት ይዙር። ጠዋት ሶፍቶቹን አንድ በአንድ ንካ። አንዲት ጠብታ ብትወርድ ሶፍት ላይ ትታያለች።

ፊቲንግ በእጅ ነው የሚጠብቀው። ፒንሳ አታስነካው። ውሃ የሚይዘው ኦሪንጉ (ውስጡ ያለው የጎማ ቀለበት) ነው፣ ከልክ በላይ ሲጨመቅ ይቆረጣል።

መብራት እየሄደ እየመጣ ነው። ውሃው ይፈላል?

አይፈላም። ፓምፑ ሲቆም ኮምፒውተሩም አብሮ ስለሚጠፋ ሙቀት የሚያመነጭ የለም። የሚያሰጋው መብራት ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። ስታብላይዘር ወይም ዩፒኤስ ያስፈልጋል። ነገር ግን ርካሹ ስታብላይዘር ሌሊቱን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ሲል ያድራል፤ ከጠረጴዛው አርቁት። ፓምፑ ብቻውን ቢሞትስ ለሚለው፣ የፓምፑን የፍጥነት ሽቦ ማዘርቦርዱ ላይ የሲፒዩ ፋን ቦታ ላይ ሰኩት፤ ሲቆም ባዮሱ እንዲያስጠነቅቅ አድርጉ።

ዱባይ ነኝ። እዚህ ገጣጥሜው ለዕረፍት ስመጣ ይዤው ልግባ?

ዕቃውን እዚያ ግዛ፣ ከቻልክ አገር ቤት ገጣጥመው። ገጣጥመህ ከሆነም ውሃውን ጨርሰህ አፍስስ፣ ግራፊክስ ካርዱን ነቅለህ ለብቻው ጠቅልል። ዱባይ እያለህ ደግሞ ስለ ዝምታ ብዙ አትጨነቅ፤ ኤሲህ ከኮምፒውተሩ በላይ ነው የሚጮኸው።

ልጄ ጌም ይወዳል። "በውሃ የሚቀዘቅዝ ግዛልኝ" እያለ ወጥሮ ይዞኛል። ያስፈልገዋል?

ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ አያስፈልገውም። እንደ ኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15 ያለ ትልቅ የአየር ማቀዝቀዣ ይበቃዋል። እንደ ፈረንጆቹ ከ2014 ጀምሮ ያለ ነው፤ ፓምፕ የለውም፣ አያፈስም። ቁመቱ 165 ሚሊሜትር ስለሆነ ኬዙ እንዲበቃው ብቻ ያረጋግጡ። ውሃ የሚያዋጣው ከባድ ግራፊክስ ካርድ ላለውና ማስተካከሉን ራሱን እንደ ጨዋታ ለሚወድ ሰው ነው። ልጅዎ የሚወደው መገጣጠሙን ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ አብረውት ቢቀመጡ አይከፋም።

ሁሉንም ትተን ፍሪጅ ውስጥ ብናስቀምጠውስ?

ሳቅሁ፣ ግን ሁሌ ይጠየቃል። የቤት ፍሪጅ ያለማቋረጥ 300 ዋት ሙቀት እንዲያወጣ አልተሠራም፤ ሞተሩ ሳያርፍ ይውላል፣ በመጨረሻም ይሸነፋል። በር በተከፈተ ቁጥር ደግሞ እርጥበት ገብቶ ሰሌዳው ላይ ጤዛ ይሠራል።

ሁሉ ነገር ዝም ካለ በኋላ አንድ ቀጭን ጢዝ የሚል ድምፅ ቀረ። ከየት ነው?

ብዙ ጊዜ ከግራፊክስ ካርዱ ወይም ከፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ካሉ የሽቦ ጥቅልሎች ነው። ድሮም ነበረ፣ ፋኑ ይሸፍነው ነበር። የጌሙን ፍሬም በሰከንድ 60 ወይም 90 ላይ ገድቢው፤ ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል።

ውሃው በስንት ጊዜ ይቀየራል?

በዓመት አንዴ። የተዘጋጀ ፈሳሽ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። ለዚህ ብላችሁ ከዝቅተኛው ቦታ ላይ ባለሦስት አፍ ፊቲንግና መዝጊያ አሁኑኑ አስገቡ። ጎማ የሚያወጣ ቀዳዳም ኬዙ ላይ ይኑር። እንጨቱ ከተቆረጠና ከተቀባ በኋላ ያንን መብሳት ሌላ ሥራ ነው።