መልስ፦ ጥበብ ቅንጦት ነው ወይ?
ሰላም ወንድሜ። «ኑሮ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ጥበብ ቅንጦት አይደለም ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ በፍጹም አይመስለኝም።

እናቴ መሶብ ስትሰፋ እያየሁ ነው ያደግኩት። ስንደዶውን በአክርማ ትጠቀልላለች፣ በወስፌ ትወጋለች፣ መሀል ላይ ቀይና አረንጓዴ አለላ ታስገባለች። እንጀራው እኮ ያለ አለላውም ይቀመጥ ነበር! ግን ለወራት ዓይኗን አድክማ ታስጌጠዋለች። ቤተሰብ የሚሰበሰብበት ነዋ።

ነጠላንም እይ። ለሐዘን ሲሆን ይዘቀዘቃል፣ ጥለቱ ወደ ላይ ይወጣል። መንገድ ላይ ያየ ሁሉ ሐዘንተኛዋ አንድ ቃል ሳትናገር ይገባዋል፤ «እግዜር ያጽናሽ» ይላታል።

ትልቁን ማየት ከፈለግክ ደግሞ አዲስ አበባ፣ አፍሪካ አዳራሽ ግባ። የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ይሆናል። ብርሃን ሲያልፍበት ፊት ለፊቱ ቁምና ጥያቄህን እዚያው ደግመህ ጠይቀው።