ትከሻ ለሚመታ ጠመንጃ ስኮፕ ስትመርጥ ከመስታወቱ በፊት ሞላውን አስብ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። በ.338 ላፑዋ ማግነም፣ ለሩቅ ዒላማ በተሠራው ኃይለኛ ጥይት፣ እስከ 1500 ሜትር ድረስ ዒላማ ትተኩሳለህ። ጠመንጃህ ከነዕቃው 6 ኪሎ ገደማ ነው፣ አፈሙዙ ላይ ብሬክ (ምቱን የሚያበርድ ጋዝ ማስወጫ) አለው። የመጀመሪያው ስኮፕህ (ጠመንጃው ላይ የሚታሰረው ማነጣጠሪያ መነጽር) ዜሮ መያዝ አቃተው፣ ማለትም አንዴ ካስተካከልከው በኋላ ያለምክበትና ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ መለያየት ጀመረ። አሁን ደግሞ «ከባድ የሆነው ስኮፕ ነው ጠንካራው» ብለውሃል። እውነት ነው ወይ፣ የቱን ልግዛ ብለሃል። እኔም ለዓመታት ትከሻ በሚደበድቡ ጠመንጃዎች ስተኩስ ስለኖርኩ የማውቀውን ልንገርህ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሰኝ።

መጀመሪያ ምን እንደሚበላሽ እንወቅ። ስኮፕ በጠመንጃ ምት ሲሞት ብዙ ጊዜ መስታወቱ ደህና ነው። በዓይንህ ስታየው ጥርት ያለ ነው፣ የምታልምበት መስቀልም ቦታው ላይ ያለ ይመስላል። ችግሩ ውስጥ ነው። ከውጭ በምታየው ቱቦ ውስጥ ሌላ ትንሽ ቱቦ አለ። ምስሉን የሚገለብጡትን ሌንሶች የያዘው እሱ ነው። በአንድ ጫፉ ታስሯል፣ ሌላው ጫፉ ግን ይንቀሳቀሳል። ከላይና ከጎን የማዞሪያዎቹ (ጥይቱ የሚያርፍበትን ቦታ የምታስተካክልባቸው ቁልፎች) ብሎኖች ይጫኑታል፣ ከተቃራኒው ወገን ደግሞ ሞላ ይገፋዋል። ማዞሪያውን ክሊክ ባደረግክ ቁጥር ብሎኑ በጥቂቱ ይገባል ወይ ይወጣል፣ ሞላው ቱቦውን ይዞ ይከተላል። ያ ሞላ ከደከመ ወይም ከመጀመሪያውም ደካማ ከሆነ ጠመንጃው ሲመታ ትንሹ ቱቦ ይዘላል፣ ሲመለስም የነበረበት ቦታ ላይ አያርፍም። ሁሉ ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነት ጠመንጃ ስኮፕ ስትገዛ የምትገዛው ማሽን ነው። መስታወቱ ሁለተኛ ነው።

አሁን ወደ ክብደቱ እንምጣ። ነገሩን በቁጥር እናስላው። 16.2 ግራም ጥይት በሴኮንድ 900 ሜትር ይወጣል። ብሬኩን ለጊዜው ትተህ የባሩዱን ጋዝ ስትጨምርበት ወደ ኋላ የሚመጣው ግፊት 6 ኪሎውን ጠመንጃ በሴኮንድ 3.7 ሜትር ገደማ እንዲሄድ ያደርገዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በ2 ሚሊሴኮንድ አካባቢ ነው። ሲሰላ ከመሬት ስበት ወደ 180 እጥፍ የሚሆን ፍጥንጥነት ይወጣል፣ ያውም በአማካይ። ጫፍ ላይ ሲደርስ ከዚያም ይበልጣል። እንግዲህ 850 ግራም የሚመዝን ስኮፕ በዚያች ቅጽበት ጠመንጃው ላይ የያዙትን ቀለበቶች በ150 ኪሎ ገደማ ክብደት ይጎትታል ማለት ነው። 1375 ግራም የሚመዝነው ደግሞ ወደ 250 ኪሎ ይጠጋል። ከባድ ስኮፕ ውስጡም ወፍራም ሊሆን ይችላል፣ አልክድም። ግን ራሱ ክብደቱ ለቀለበቶቹና ለብሎኖቹ ጠላት ነው። ስለዚህ ያሉህ ነገር እንዳለ የሚወሰድ አይደለም። ምሳሌ ልስጥህ። የአሜሪካ ጦር ለኤምኬ 22 ጠመንጃው የመረጠው ሊዮፖልድ ማርክ 5ኤችዲ 5-25x56 ነው (ከ5 እስከ 25 እጥፍ ያጎላል፣ የፊት ሌንሱ 56 ሚሊሜትር ነው)። 850 ግራም ነው የሚመዝነው፣ በመደቡ ቀላል ከሚባሉት አንዱ ነው። ጠመንጃው ደግሞ .338 ኖርማ ማግነም የሚተኩስ ነው።

ብሬክ አለኝ ብለህ አትዘናጋ። ብሬክ የሚሠራው ጥይቱ ከአፈሙዙ ከወጣ በኋላ ነው። ጥይቱ በርሜሉ ውስጥ እያለ ስኮፑ የሚቀበለው ምት ያው ነው፣ አንድም አልቀነሰም። ከዚያ ብሬኩ ጠመንጃውን ወደ ፊት ይጎትተዋል። ትከሻህ ያርፋል፣ ስኮፑ ግን መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ቀጥሎ ወደ ፊት ይናጣል። በሞላ የሚሠራ የአየር ጠመንጃም ከባሩድ ጠመንጃ እኩል ስኮፕ ይገድላል የሚባለው በዚሁ የሁለት አቅጣጫ ንዝረት ነው። ፒስተኑ ሲወረወር አንድ፣ ሲጋጭ ሌላ። አምራቹ ለአየር ጠመንጃ ይሆናል ብሎ በግልጽ የጻፈለት ስኮፕ ካየህ ሁለቱንም አቅጣጫ አስበውበታል ማለት ነው። እኔ ይህን ጽሑፍ ሳይ ደስ ይለኛል፣ የአየር ጠመንጃ ባይኖረኝም።

ይልቅ ስለ አሮጌው ስኮፕህ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እርግጠኛ ነህ ስኮፑ እንደሆነ? ዜሮ ሲጠፋ ሰው ሁሉ ጣቱን የሚቀስረው ስኮፑ ላይ ነው። እኔ ካየሁት ግን ግማሽ ያህሉ ጊዜ ጥፋቱ ከሥሩ ነው። መጀመሪያ ጠመንጃውን ከሰደፉ ጋር የሚያስሩትን ብሎኖች ፈትሽ። ቀጥሎ ሀዲዱን (የስኮፑ ማሰሪያ የሚቀመጥበትን ረጅም መደብ) ከጠመንጃው ጋር የያዙትን። ስኮፑ ስለሚሸፍናቸው ማንም አያስታውሳቸውም፣ መላላት ከጀመሩ ደግሞ ቀስ እያሉ ነው። ከዚያ ቀለበቶቹን። ሁሉም ጥብቅ ከሆነ ሌላ የሚታመን ስኮፕ ካለው ሰው ተዋስና እሱን ጭነህ ተኩስ። ወረቀቱ ላይ የጥይቱ ጉድጓዶች አንድ ቦታ ከተሰበሰቡ ያኔ ነው የድሮው ጥፋተኛ የሚሆነው።

የሚደክም ሞላ አንድ የሚታወቅበት ጠባይ አለው። ማዞሪያውን አዙረህ ስትተኩስ የመጀመሪያው ጥይት አይታዘዝም፣ የቀድሞው ቦታ አካባቢ ያርፋል። ሁለተኛው ወይ ሦስተኛው ግን ወዳዘዝከው ቦታ ይሄዳል። ምቱ ራሱ ነው ትንሹን ቱቦ ነቅንቆ ያስገባው። ሰዎች ይህን ሲያዩ በርሜሉ ስላልሞቀ ነው ይላሉ። በርሜሉን ተወው፣ ስኮፑ ነው።

ስለ ማሰሪያው ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ገንዘብ ሲያልቅ ሰው የሚቆጥበው እዚህ ላይ ነው። ውድ ስኮፕ ገዝቶ በርካሽ ቀለበት ማሰር ትርጉም የለውም። የብረት ወይም ጠንካራ የአልሙኒየም ቀለበት ያዝ። ሁለቱ ቀለበቶች በአንድ አካል የተሠሩበት ማሰሪያ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፣ ቀለበቶቹ ተጣምመው ቱቦውን አይነክሱትም። ሀዲዱን የሚይዙት ብሎኖች 6-48 (የብሎን መጠን ነው) ከሆኑ ባለሙያ ዘንድ ወስደህ ወፍራሞቹን 8-40 አስገባባቸው። ለ.338 ቀጭኖቹ ላይ እምነት የለኝም።

ፒካቲኒ ሀዲድ (ጎድጎድ ጎድጎድ ያለው የተለመደው ሀዲድ) ላይ ስትጭን ማሰሪያውን ወደ ፊት፣ ወደ አፈሙዙ ገፍተህ የጎድጎዱን ግድግዳ ካስነካኸው በኋላ አጥብቅ። ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲሄድ ስኮፑ ባለበት ልቅር ይላል፣ ማለትም ከጠመንጃው አንጻር ወደ ፊት ይሸሻል። ቀድሞ ግድግዳውን ከነካ የሚሸሽበት ቦታ የለውም። ክፍተት ካለ ግን በየምቱ ይንደረደራል። የቀለበቱን ክዳን ብሎኖች በመለኪያ ቁልፍ አጥብቅ። የአብዛኛው አምራች መመሪያ ከ1.7 እስከ 2 ኒውተን ሜትር ነው፣ ግን የራስህን ወረቀት አንብብ። በእጅ ስሜት አይሆንም። ከላላ ስኮፑ ይንሸራተታል፣ ከበዛ ቱቦው ይጨመቅና ውስጡ ያለው ነገር በነጻነት መንቀሳቀስ ያቅተዋል። የቱቦውንና የቀለበቱን ዘይት በአልኮል ጥረግ። የክዳን ብሎኖቹን በዘይት አትቀባ፣ ማጣበቂያም አታድርግባቸው። ጥርሱ ሲረጥብ መለኪያው ያው ቁጥር ላይ እያለ ኃይሉ ይጨምራል።

ካሰርክ በኋላ በነጭ ቀለም እስክሪብቶ ከቀለበቱ ወደ ቱቦው የምታልፍ ቀጭን መስመር አስምር። በየብሎኑ ራስ ላይም እንዲሁ። ከተኮስክ በኋላ መስመሩ ከተቆረጠ ስኮፑ ሄዷል። መስመር ባታሰምርም ቀለበቱ ዳር በጥፍር የተፋቀ የምትመስል የምታብለጨልጭ ጭረት ታያለህ። እሷን ካየህ ሌላ ማስረጃ አትፈልግ።

ወደ ምርጫው። ለ1500 ሜትር እንደ ጥይቱና እንደ አየሩ ከ16 እስከ 20 ሚል (የማዕዘን መለኪያ ነው፣ 1 ሚል በ100 ሜትር ላይ 10 ሴንቲሜትር ነው) ወደ ላይ ማዞር ይጠይቅሃል። ጠቅላላ 35 ሚል የሚዞር ስኮፕ ቀጥ ያለ ሀዲድ ላይ ካስቀመጥከው ለአንተ የሚደርስህ ግማሹ፣ 17 ተኩል ነው። 20 ኤምኦኤ (ሌላ የማዕዘን መለኪያ) ያዘነበለ ሀዲድ ካደረግክ 5.8 ሚል ትጨምራለህ። ያኔ ወደ 23 ትደርሳለህ፣ ይበቃሃል፣ ጥግም አትነካም። ጥግ ላይ ስትሆን የምስሉ ጥራት ይወርዳል፣ ወደ ጎን የምታዞርበት ቦታም ይጠብባል። 34 ሚሊሜትር ቱቦ የሚጠቅመው ለዚህ የመንቀሳቀሻ ቦታ ነው። ብርሃን ይጨምራል የሚሉህን አትስማ፣ ብርሃን የሚያስገባው የፊቱ ሌንስ ነው።

የዓይን ርቀቱ፣ ማለትም ምስሉ ሙሉ ሆኖ እንዲታይህ ዓይንህ ከስኮፑ የሚርቀው፣ ከ9 ሴንቲሜትር እንዳያንስ። ስኮፕ ቅንድባቸውን የገመሰው ሰዎች ስንት አውቃለሁ፣ ጠባሳዋ ጨረቃ ነው የምትመስለው። መስቀሉ መስታወት ላይ የተቀረጸ ይሁን፣ በሽቦ የተሠራው በምት ሊበጠስ ይችላል። ማዞሪያው በሚል ከሆነ መስቀሉም በሚል ይሁን። ዜሮ ላይ የሚቆም ማዞሪያ ደግሞ አስፈላጊ ነው፣ ተኩስ ላይ ሆነህ ስንት ዙር እንደዞርክ መቁጠር ራስ ምታት ነው። ማጉላቱ 25 እጥፍ ከበቂ በላይ ነው። ቀትር ላይ መሬቱ ሲሞቅና አየሩ ሲንቀለቀል ወደ 15 ዝቅ ማድረግህ አይቀርም። ስለ መስቀሉ መብራት ብዙ አትጨነቅ።

ስም ጥራ ካልከኝ ናይትፎርስ ኤታካር 5-25x56 ለእንደዚህ ዓይነት ጠመንጃ ዓይኔን ጨፍኜ የምጭነው ነው። 1 ኪሎ ከ80 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ማዞሪያው ጥርት ብሎ ይሰማል። ሽሚት ኤንድ ቤንደር ፒኤም 2 እዚያው ደረጃ ላይ ነው፣ መስታወቱ ይበልጥ ያምራል። ቮርቴክስ ሬዘር ኤችዲ ጄን 2 4.5-27x56 ጠንካራ ነው፣ ግን 1375 ግራም ነው፣ ከላይ ያሰላነውን አስታውስ። ጠመንጃህ ተሸክመህ የማትዞርበት ከሆነ ችግር የለውም፣ ማሰሪያው ብቻ የሚመጥን ይሁን። በጀትህ እዚህ ካልደረሰ ኤስደብልዩኤፍኤ 10x42 ተመልከት። ማጉላቱ አንድ ነው፣ አይጨምር አይቀንስ። ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን በተመሳሳይ ገንዘብ ከሚገዛ፣ 6-24 ከተጻፈበትና ብዙ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ከታጨቀበት ስኮፕ እሱን እመርጣለሁ። የሚንቀሳቀስ ነገር ባነሰ ቁጥር የሚላላም ያንሳል።

የዕድሜ ልክ ዋስትና ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ጥንካሬ ማለት አይደለም። አንድ ስሙን የማልጠራው ድርጅት ስኮፔን ያለ ጥያቄ ይቀይርልኝ ነበር። የተቀየረውም ያው ሆነ። ውድድር መሀል ሲበላሽብህ ዋስትናው ቤት ነው ያለው።

ከገዛህ በኋላ፣ የቱንም ብትገዛ፣ በ100 ሜትር ረጅም ወረቀት ስቀልና ፈትነው። ቱምቢ ጥለህ መሀሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምር። ስኮፑም በውሃ ልክ መስመሩን ይከተል። ከታች ያለችውን ነጥብ እያለምክ ዜሮ ላይ ተኩስ። ከዚያ 10 ሚል ወደ ላይ አዙርና ያችኑ ነጥብ አልመህ ተኩስ። ጉድጓዶቹ ልክ 100 ሴንቲሜትር ከፍ ብለው መስመሩ ላይ መገኘት አለባቸው። በሜትር ለካው፣ የወረቀቱን ርቀትም እንዲሁ። 98 ሴንቲሜትር ካገኘህ ሁለት በመቶ ይጎድላል ማለት ነው። 1000 ሜትር ላይ 10 ሚል ስታዞር 20 ሴንቲሜትር ታጣለህ። ይህ ሁሌ እኩል የሚጎድል ከሆነ ስሌትህ ውስጥ ታስገባዋለህ፣ አያሳስብም። መመለስ ያለብህ ዛሬ 98 ነገ 101 የሚሰጥህን ነው። ወደ ዜሮ መልሰህም ተኩስ፣ የመጀመሪያው ጥይት ወደ ቤቱ መግባት አለበት። ከአርባ ሃምሳ ጥይት በኋላ ደግመው። አዲስ ስኮፕ ሲደክም ብዙ ጊዜ በዚያ አካባቢ ነው ጠባዩን የሚያሳይህ።

ያገለገለ ልትገዛ ካሰብክ ደግሞ ቱቦው ላይ የቀለበት ጠባሳ ፈልግ። ማዞሪያዎቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙራቸው፣ መሀል ላይ የሚከብድ ወይም ክሊኩ የሚጠፋበት ቦታ ካለ አትውሰደው። ወደ መብራት ይዘህ በትልቁ ሌንስ በኩል ወደ ውስጥ ተመልከት። ጤዛ የመሰለ ነገር ካየህ አየርና ውሃ የሚከለክለው ጎሚኒ አልቋል፣ ውስጡ የነበረው ናይትሮጅንም ወጥቷል። ሻጩ ሌላ ጠመንጃ ላይ ጭኜ ልሞክረው ስትለው ካቅማማ ዝም ብለህ አመስግነህ ሂድ።